ሞተሩ የተቀየረ ያገለገለ ተሽከርካሪ ሽያጭ እና የሻጭ ዋስትና፦ ሕጉ፣ ሞተሩና ማስረጃው

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተሰጠ የሕዝብ ገለጻ፣ ከድምፅ የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕስ ለሕግ መምህር ጉባኤ ትንሽ ወረድ ያለ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በካፋ ዞን ለሚኖር ቤተሰብ ከቤትና ከመሬት ቀጥሎ ትልቁ ግዥ ብዙ ጊዜ ተሽከርካሪ ነው። የሚገዛውም ያገለገለ ነው። አሁን ደግሞ ያገለገለ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ የተቀየረ፣ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ የተዛወረ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የመጣ ወይም የጭነት ሻንሲ ላይ የሰው ቦዲ የተሠራለት ሲሆን እናያለን። «ቅጥቅጥ» የሚለው ስም እንኳ ከጋራዥ መዶሻ የተወለደ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ሲገፋ ዋጋው ከመውረድ ይልቅ ጸንቶ ይቆያል፤ ሞተሩ ሲደክም መኪናው አይጣልም፣ ሞተሩ ይለወጣል። ስለዚህ ሽያጩ የአንድ ዕቃ ሽያጭ ሳይሆን የተገጣጠመ ታሪክ ሽያጭ ይሆናል ማለት ነው።

የመማሪያው ጉዳይ

ለውይይታችን እንዲመች አንድ ጉዳይ በምናብ እናሰናዳ። በቢታ ገነት የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች የቡናና የኮረሪማ ገቢያቸውን አጠራቅመው አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ አማካይነት አንድ ፒክአፕ ይገዛሉ። መኪናው ሲሠራ የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ኋላ የናፍጣ ሞተር ገብቶለታል። ደላላው «ሞተሩ አልወረደም፣ ስድስት ወር እኔ ዋስ ነኝ» ይላል። የሽያጭ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ሲፈረም ግን «ገዢ ተሽከርካሪውን አይቼና ፈትሼ፣ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰፍሯል። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ይግላል፣ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ወንድማማቾቹ ቦንጋ ጋራዥ ወስደው ሞተሩን ያስወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ሻጩን ይደውሉለታል።

አራት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ሻጩ በሕግ ዋስ ነውን? «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ነጻ ያወጣዋልን? ጉድለቱ በርክክብ ጊዜ መኖሩን ማን፣ በምን ያስረዳል? ገዢዎቹስ በየትኛው እርምጃ መብታቸውን አዳከሙ?

«ዋስትና» የሚለው ቃል

በአማርኛ «ዋስ» ስንል በመጀመሪያ የሚታየን ሰው ነው፤ ለሌላው ዕዳ ቃል የሚገባ ሰው። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ገዢ «ዋስትና አልጻፈልኝምና መብት የለኝም» ብሎ የሚያስበው። ይህ አስተሳሰብ ከሕጋችን ጋር አይስማማም። በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት ተሰናድቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ግዴታ ከሽያጩ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው፤ በውሉ ላይ ባይጻፍም አለ።

ቁጥር 2289 ደግሞ ጉድለት የሚባለውን ይዘረዝራል። ነገሩ ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው፣ ወይም በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የማይበቃ ከሆነ፣ ወይም በውሉ የተነገረው ጥራትና ልክ ከጎደለው ዋስትናው ይሠራል። ያገለገለ መኪና ያረጀ መሆኑ ብቻ ጉድለት አይደለም። ጎማው ማለቁ፣ መቀመጫው መቀደዱ ከዕድሜው የሚጠበቅ ነው። ቡና ጭኖ ከወረዳ ወደ ቦንጋ መውጣት የማይችል ፒክአፕ ግን ለተለመደው አገልግሎቱ አልበቃም።

የአምራቹ «ጋራንቲ» የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እርሱ ከውል የሚመነጭ፣ በጊዜና በኪሎ ሜትር የሚወሰን ነው፤ ሞተሩ በሌላ ሲተካ ደግሞ በአብዛኛው ይቀራል። የአምራቹ ጋራንቲ መቅረቱ የሻጩን ሕጋዊ ዋስትና አያስቀርም። ሁለቱን መደባለቅ በተማሪዎች ፈተና ላይም፣ በችሎት ክርክር ላይም የሚታይ ስሕተት ነው።

ሞተሩ የሚናገረው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ስለ ጉድለት ለመከራከር ጉድለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በሻማ ሳይሆን አየርን አጥብቆ በማመቅ በሚፈጠር ሙቀት ነው። ስለዚህ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ክብደቱና ንዝረቱ ያይላል። ሞተሩ ብቻ ተቀይሮ ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና የሞተር መያዣዎቹ እንደ ነበሩ ከቀሩ፣ ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውስጡ አለ፤ የሚገለጠው ግን ሞተሩ ሲጨነቅ ነው።

ሞተሩ የሚጨነቀው የት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በሜዳ መንገድ አሥር ደቂቃ ሲነዳ አይደለም። ወደ ካፋ የሚመጣ መኪና የግቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ከጅማ በኋላ ደግሞ ወደ ጎጀብ ወርዶ ወደ ቦንጋ ረጅሙን ዳገት ይያያዛል። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ብቃት የሚፈተነው በዚህ ዳገት ነው። ከፍታውም ድርሻ አለው፤ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ፖምፓው ነዳጅ እንዲያበዛ ከተደረገ በዚያ ከፍታ አየር አንሶት ጥቁር ጭስ ያወጣል።

የጭሱ ቀለም የመጀመሪያው ምስክር ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ብዙ ጊዜ ውኃ በቴስታታው በኩል መግባቱን ያመለክታል። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ከተጨመረ ጭሱ ለጥቂት ቀናት ሊደበቅ ይችላል። የፒስተን ፋሻ ማለቅ ግን በሦስት ሳምንት የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሥራ ነው። ይህ ቴክኒካዊ እውነት በሕጉ ቋንቋ ሲተረጎም «ጉድለቱ ኋላ ቢታይም መንሥኤው ከርክክብ በፊት ነበር» የሚለው ክርክር ይሆናል።

«አይቼ ተረክቤያለሁ»

ሕጉ ገዢውን ከጥንቃቄ ነጻ አላደረገውም። ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀውን ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችለውን ግልጽ ጉድለት ኋላ አንሥቶ ሻጩን መጠየቅ አይችልም። ተዋዋዮችም ዋስትናውን በስምምነት ማጥበብ ወይም ማስቀረት ይችላሉ። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከሸሸገ የማስቀረቱ ቃል አይረዳውም።

«አይቼና ፈትሼ፣ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለው ቃል ታዲያ ምንድን ነው? በእኔ አመለካከት ይህ ቃል በዓይን የሚታየውን ሁኔታ ስለ መቀበል እንጂ ዋስትናን ስለ መተው በግልጽ አይናገርም። መብትን መተው በጠባቡ ሊተረጎም ይገባል። ሌላው ወገን «ፈትሼ» የሚለው ቃል ትርጉም ሊኖረው ይገባል ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ዋዛ አይደለም። የሚወስነው ተራ ፍተሻ ምን ሊገልጥ ይችል ነበር የሚለው ነው። ተራ ገዢ መኪናውን ያስነሣል፣ ይነዳል፣ ዘይቱን ያያል። ፒስተን ፈትቶ አያይም፤ ጎጀብም ድረስ ወስዶ አይመልሰውም።

የሞተር ቁጥር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና በሞተሩ ላይ የተመታው ካልተመሳሰሉ ነገሩ የጉድለት ብቻ ሳይሆን ከውሉ ጋር ያለመስማማት ጥያቄ ነው። ሞተሩ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሻጩ ገዢው ንብረቱን እንዳይነጠቅ የሚገባው ዋስትና ይነሣል። ይህን ማመሳሰል በእጅ ባትሪ የሚሠራ የአምስት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ ያላደረገ ገዢ በቸልተኝነት ሊወቀስ ይችላል።

የደላላው «እኔ ዋስ ነኝ» የሚለው የቃል ተስፋ ከጽሑፉ ጋር ሲጋጭ በምስክር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሻጩ ራሱ ሆን ብሎ አታልሎ ከሆነ ግን ቁጥር 1704 ውሉ እንዲፈርስ የመጠየቅ በር ይከፍታል። ይህ ክስ በቁጥር 1810 መሠረት ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሞተሩን ማን ከፈተው?

ወደ ወንድማማቾቹ እንመለስ። መብታቸውን ያዳከመው መኪናውን መግዛታቸው አይደለም፤ ሳያስታውቁ ሞተሩን ማስወረዳቸው ነው። ሕጉ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ፣ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ሞተሩ አንዴ ከተፈታ ሻጩ «ጉድለቱን የፈጠረው የእናንተ መካኒክ ነው» ይላል። ፍርድ ቤቱ ልዩ አዋቂ ቢሾምም የሚመረመረው የተበታተነ ብረት ነው። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ፍትሕ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከሕግ ጉድለት ሳይሆን ከማስረጃ መጥፋት ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መኪናውን ማቆም፤ ምልክቱን በቪዲዮ መያዝ፤ ሻጩ እንዲመጣ ወይም ባለሙያ እንዲልክ ቀን ቆርጦ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፤ ካልመጣ ከጥገናው ጋር ጥቅም በሌለው ባለሙያ የኮምፕሬሽን ልኬት ማስወሰድና የጽሑፍ ሪፖርት መቀበል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ማስፈታት፤ የወጡትንም ዕቃዎች መጠበቅ።

ሻጩ ነጋዴ ሲሆን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ተጨማሪ መንገድ ያበጃል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሁለት ገደቦችን ግን አትርሱ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ቡና ለመነገድ የተገዛ ፒክአፕ ከዚህ ትርጉም ሊወጣ ይችላል። የወንድማማቾቹም ሞተር የታመመው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለእነርሱ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ በእርሱም ጉድለቱ መሠረታዊ ከሆነ የውሉን መሰረዝ፣ ከዚህም ጋር የጉዳት ካሣ መጠየቅ ይቻላል።

ርቀቱም ራሱ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቢታ ገነት ደግሞ ይጨምራል። ክስ በመርሕ የሚቀርበው ተከሳሹ ባለበት ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚወጣው ወጪ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት ገዢ እውነተኛ ጥበቃ ከክሱ በፊት፣ በውሉ ላይ ነው።

ውሉ ምን ይበል?

የነጻ የሕግ ድጋፍ ለምትሰጡ ተማሪዎቼ፣ ለገዢ ውል ስታረቅቁ አምስት ነገሮች እንዳይቀሩ። ሞተሩ መቀየሩ፣ መቼና በማን እንደ ተቀየረ ይጻፍ። በሊብሬውና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር መመሳሰሉ ይረጋገጥ። መኪናው የሚውልበት ሥራና መንገድ ይገለጽ፤ ይህ ለልዩ አገልግሎት የሚሰጠውን ዋስትና ያጸናል። የሞተር ዋስትናው በወርና በኪሎ ሜትር ይወሰን። ከዋጋው ጥቂቱ እስከዚያ ቀን በገዢው እጅ ይቆይ። የመጨረሻው ከሁሉ ይጠቅማል፤ ገንዘቡ በእጁ ያለ ገዢ አዲስ አበባ ሄዶ መክሰስ አያስፈልገውም፣ ሻጩ ራሱ ይመጣል።

ሐቀኛ ሻጭም ከዚህ አይጎዳም። የሚያውቀውን ጉድለት የጻፈ ሻጭ በዚያ ጉድለት ኋላ አይጠየቅም፤ ዝም ያለው ግን «ባለበት ሁኔታ» በሚል አንድ መስመር ተከልሎ እንደ ተጠበቀ ሊቆጥር አይገባውም።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።