የሳተላይት ቴሌቪዥን መቀበያን በጽሑፍ ትእዛዝ መፈተሽ

ከመተማ ዮሐንስ ድልድይ ማዶ ጋላባት ትገኛለች። ከዚያ የሚነሣው መንገድ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበትን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ ገዳሪፍ ይደርሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ አገር የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ከቀድሞም ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ተሻግረው በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ከአገሩ ለራቀ ሰው የቴሌቪዥን ወሬ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ መመለስን ወይም መቆየትን ሲያስብ የሚመዝነው አንዱ ነገር ነው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ ዲሹ በጥቂት ዲግሪ ቢዛነፍ ሥዕሉ ይጠፋል። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በናይልሳት ይተላለፉ በነበረበት ጊዜ፣ በገዳሪፍ የሚተከል ዲሽ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ቀና ይል ነበር። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስኢኤስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮሳትን ለማቋቋም ከተስማሙ በኋላ ግን ጣቢያዎቹ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት ተዛወሩ። ስለዚህ ያው ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 60 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አስፈለገው።

ዲሹ በትክክል መዞሩን በሥዕሉ ብቻ መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ ዲጂታል ሥዕል ወይ ጠርቶ ይታያል፣ ወይ ፈጽሞ ይጠፋልና። የመቀበያ ካርድ የተገጠመለትና በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ግን ምክንያቱን ይናገራል። በቁልፎቹ ‹ኤስዛፕ› የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ ጣቢያው ይፈለጋል፤ ‹ፌሞን› ሲባል በየጊዜው አንድ መሥመር እየተጻፈ ይወጣል። በመሥመሩ ላይ አምስት ፊደላት አሉ። እነርሱም በቅደም ተከተል ሞገድ መኖሩን፣ ተሸካሚው ሞገድ መገኘቱን፣ የስሕተት ማረሚያው መሥራቱን፣ መረጃው በሥርዓት መግጠሙንና በመጨረሻም መቀበያው ጣቢያውን መያዙን ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ታይቶ ሌሎቹ ቢቀሩ፣ ዲሹ ወደ ሌላ ሳተላይት ዞሮ ወይም የሞገዱ ቁጥር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። በዲሹ ራስ ላይ የሚላከው ኤሌክትሪክም መታየት አለበት፤ 13 ቮልት ለቁም ሞገድ፣ 18 ቮልት ለአግድም ሞገድ ነው።

አምስቱም ፊደላት ታይተው የስሕተቱ ቁጥር ብቻ ከፍ ካለ ዲሹ ሞገዱን አግኝቶታል፤ ጥቂት ማስተካከል ግን ይቀረዋል። በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ሲጥል ይኸው ቁጥር ያድጋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ከወረደ ዲሹን መነካካት አያስፈልግም። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ ሳይወርድ ከቀረ ግን፣ በቅድሚያ የሚጠበቀው የምሰሶው ብሎን ነው።