የሪፖርት ሶፍትዌር ስም ሳያጎድል የመረጃ ቋትን የሚጠብቅበት አሠራር

የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ በሆነችው ሐዋሳ ለመንግሥት ሥራ የሚዘጋጅ የሪፖርት ሶፍትዌር፣ በግዕዝ ፊደል ብቻ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ብዙም የማያስበው ፈተና ይገጥመዋል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የተቋቋመው ክልል የሥራ ቋንቋ የሆነው ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በጉሮሮ የሚታፈነውን ድምፅ ለማመልከትም በቃሉ መካከል ነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ያስገባል። "ስም" የሚል ትርጉም ያለው "ሱእማ" የተሰኘው ቃል ራሱ ያለዚህ ምልክት አይጻፍም። አፋን ኦሮሞም "ሁዻ" በሚባል ተመሳሳይ ምልክት ይገለገላል።

ይኸው ምልክት በመረጃ ቋት ዘንድ ሌላ ሥራ አለው። የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፈጠሩትና ዛሬ አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች በሚጠየቁበት ኤስ ኪው ኤል ቋንቋ፣ ነጠላ ትምህርተ ጥቅስ የአንድ ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ማሳያ ነው። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የጻፈውን ስም ከትእዛዙ ጋር እንዲሁ የሚቀጥል ከሆነ፣ የመረጃ ቋቱ በስሙ መካከል ያለውን ምልክት ሲያገኝ ስሙ ያበቃ ይመስለዋል። የቀረውንም ፊደል እንደ ትእዛዝ ለማንበብ ይሞክራል። ሪፖርቱ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ እንደ "ገ/ማርያም" ባሉ አጽሕሮተ ቃላት ውስጥ ያለው ሕዝባር ይህን ዓይነት ችግር አያስከትልም፤ ጉድለቱ በአማርኛ ስሞች ብቻ በሚደረግ ሙከራ ሳይታይ የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

የሪፖርት መቋረጥ ቀላሉ ጉዳት ነው። በስም ምትክ ሆን ብሎ የትእዛዝ ቃላትን የሚያስገባ ሰው፣ ሊያይ የማይገባውን መዝገብ ሁሉ ሊያወጣ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ኤስ ኪው ኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ይህ የጥቃት ስልት እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራክ በተባለ መጽሔት ለአደባባይ ቢበቃም ዛሬም አልጠፋም። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ለሪፖርት በሚያገለግለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ሶፍትዌር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው ዓይነት ክፍተት ተገኝቶ አዘጋጆቹ ማስተካከያ አሰራጭተዋል። ክፍተቱን ለመጠቀም በሥርዓቱ የተመዘገበ ተጠቃሚ መሆን ያስፈልግ ስለነበር፣ አደጋ የሚመጣው ከውጭ ብቻ ነው የሚለው ግምት እንደማያዋጣ ያሳያል።

አንዳንድ ፕሮግራም አዘጋጆች ምልክቱን ከስሙ በመሰረዝ ችግሩን ያቃለሉ ይመስላቸዋል። ይህ ግን የዜጋውን ስም ያበላሻል። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር የማይገጥም ባለጉዳይ ደግሞ መጉላላቱ አይቀርም።

ትክክለኛው መፍትሔ ረዳት ፈንክሽን ነው። ይህም አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁሉም የሪፖርት ገጾች የሚጠራ አጭር የፕሮግራም ክፍል ማለት ነው። ረዳት ፈንክሽኑ ትእዛዙንና እሴቱን አያቀላቅልም፤ በትእዛዙ ውስጥ ለስሙ ባዶ ቦታ ይተውና ስሙን ለብቻው ይልካል። የመረጃ ቋቱም የደረሰውን ሁሉ ከነምልክቱ እንደ ስም ብቻ ይቀበላል። ጃቫ፣ ፒ ኤች ፒና ፓይተን ለዚህ የሚያገለግል መሣሪያ ስላላቸው ተጨማሪ ግዢ አይጠይቅም።

ሆኖም በዚህ መንገድ ሊላክ የሚችለው እሴት ብቻ ነው። ተጠቃሚው ሪፖርቱ በወረዳ ወይም በቀን እንዲደረደር ሲመርጥ የሚላከው የዓምድ ስም በመሆኑ፣ ረዳት ፈንክሽኑ አስቀድሞ ከተፈቀዱ ዓምዶች ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ያልተፈቀደውን መመለስ ይኖርበታል። የቀን ጉዳይም እንዲሁ በአንድ ቦታ ቢሠራ ይመረጣል። የ2017 በጀት ዓመት ሲጠየቅ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም ያለው ጊዜ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 መሆኑን እያንዳንዱ ገጽ በየራሱ ማስላት የለበትም።

የሪፖርት ገጾች የተለየ ጥንቃቄ የሚሹት አብዛኛውን ጊዜ በኃላፊዎች ድንገተኛ ጥያቄ በጥድፊያ ስለሚጨመሩ ነው። በምዝገባ ወቅት በደህና የገባ ስም እንኳ፣ በኋላ የተጨመረ ገጽ ከመረጃ ቋቱ አውጥቶ በሌላ ትእዛዝ ላይ ሲቀጥለው ያንኑ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም የሪፖርት ክፍሉ ማንበብ እንጂ መለወጥም ሆነ መሰረዝ በማይችል የተለየ መለያ ከመረጃ ቋቱ ጋር ቢገናኝ፣ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ጉዳቱ ይወሰናል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ቴክኒካዊ የደህንነት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ሶፍትዌር የሚረከብ ኮሚቴም ከመፈረሙ በፊት ነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ያለበትን የሲዳሙ አፎ ስም በመፈለጊያው ሳጥን አስገብቶ፣ ስሙ ምልክቱ ሳይጎድል በሪፖርቱ ላይ መውጣቱን ማየት ይችላል። ፍለጋው በስህተት መልእክት ከተቋረጠ ርክክቡን አቆይቶ ገጾቹ በረዳት ፈንክሽን እንዲስተካከሉ አቅራቢውን መጠየቅ ይገባዋል።