ባጃጅ ኮረኮንች ላይ

ባጃጅን የሚንቃት ሰው ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ ብቻ የሚያውቃት ነው። «ለሰፈር ውስጥ ናት» ይላል፤ ከከተማ ወጥታ ፒስታ ስትይዝ ደግሞ «ይቺማ መገልበጧ ነው» ብሎ ይፈርድባታል። ሕንድ ውስጥ ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪክሾ ራን የሚባል ጉዞ አለ፤ ከመስመሮቹ አንዱ ከጃይሳልሜር በረሃ ተነስቶ ኮቺ ወደብ የሚደርስ ሲሆን፣ ተጓዦቹ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያቋርጡት በዚህችው ባለ ሦስት ጎማ ነው።

ዘሯ ከስኩተር ነው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቬስፓ የተባለውን ስኩተር ከነደፈ በኋላ፣ ፒያጆ የተባለው ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ጎማዋን አፔ አወጣ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፒያጆ ፈቃድ ማምረት ያዘ። መሪዋ የሞተር ብስክሌት መሆኑ፣ ማርሿም በግራ እጅ መጠምዘዙ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ መገልበጡ ነገር እንምጣ። ሰው የሚፈራው የፊቷን ነጠላ ጎማ ነው። ቀጥ ባለ ኮረኮንች ላይ ግን ሦስት ጎማ ጥቅም አለው፤ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ ወለል ላይ ሳይወዛወዝ እንደሚቆም ሁሉ፣ የባጃጅም ሦስት ጎማዎች በዝግታ እስከሄደች ድረስ መሬቱን አይለቁም። አደጋው ያለው ኩርባ ላይ ነው። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ወደ ኋላ ሰፊ፣ ወደ ፊት ሹል ነው። ሾፌሩ እየታጠፈ ፍሬን ሲረግጥ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሹሉ ጫፍ ይሮጣል፤ ድጋፉ ደግሞ እዚያ ጠባብ ነው። ያን ጊዜ ከፊት ጎማው እስከ ውጪኛው የኋላ ጎማ ባለው መስመር ላይ ተንከባላ ትወድቃለች። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀምር፣ ገና ቀጥ ብላ ሳለች ነው።

ይህንን የሚያባብሰው ደግሞ ሾፌሮች በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ነው። የኋላው ወንበር ሲሞላ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ አጠገባቸው ይለጥፋሉ። ያ ጭነት በቀጥታ የሚያርፈው ጠባቡ ጫፍ ላይ ነው። ጣሪያ ላይ የሚታሰር ጆንያም ክብደቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ዳገት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ ኋላዋ ከመጠን በላይ የተጫነ ባጃጅ የፊት ጎማዋ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል።

ልምድ ያለውን ሾፌር ከአስፋልት ሲወርድ ማየት ነው። መጀመሪያ ያቆማል። ጆንያውን ከጣሪያ አውርዶ ወለሉ ላይ ያጋድመዋል፤ ጎማዎቹንም በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም። መኪና ሁለት ዱካ ብቻ ነው ያለው፤ መሐል መንገድ የተቀመጠ ድንጋይ ቢያገኝ በጎማዎቹ መካከል አሳልፎት ያልፋል። ባጃጅ ግን ሦስት ዱካ አላት። የጭነት መኪኖች መሬቱን በጎማቸው ጠርገው ልቅ ጠጠሩን ወደ መሐል ይገፉታል፤ የፊት ጎማዋ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ድንጋይ ሲመጣ ሾፌሩ በፊት ጎማውና በአንዱ የኋላ ጎማ መካከል ባለችው ግማሽ ሜትር ገደማ ክፍተት ማሳለፍ አለበት። የፊቱን አድኖ የኋላውን ማስመታት የጀማሪ ሾፌር ሥራ ነው።

ጎማዎቿ ትናንሽ ናቸው፤ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ፍጥነት የሚቀነሰውም ለዚሁ ነው። ንዝረቱ ብሎን ያላላል፣ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሁለቱንም ማታ ማታ ማየት ያስፈልጋል።

ሾፌሮች ሆይ፣ አጠገባችሁ ሰው አታስቀምጡ። ተሳፋሪም «ና፣ ጠጋ በል» ሲባል እምቢ ይበልና የምትቀጥለዋን ባጃጅ ይጠብቅ።