ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በእግር፤ የረጅም ጉዞ ዝግጅትና ስሌት

በአገራችን በእግር መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ገበያ ለመውጣት፥ ተማሪው ትምህርት ፍለጋ፥ ነጋዴውም ትርፍ ፍለጋ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ዳገቱን ሲወጣና ቁልቁለቱን ሲወርድ ኖሯል። ዳሩ ግን ስንቅን፥ ሸክምን፥ ውሃንና ጊዜን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስልቶ ለብዙ ቀን መጓዝ በተማሪዎች ዘንድ ገና ስላልተለመደ፥ ጉዞ የሚያስቡ ጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሡት በጉልበታቸው ብቻ ተማምነው ነው። ጉልበት ብቻውን እንደማይበቃ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በራሱ ላይ ከደረሰው ነገር ተምሯል።

አንድ ጊዜ በጥር ወር ሦስት ሆነን ከደብረ ታቦር ጉና ተራራ ለመውጣት ተነሣን። ርቀቱን በካርታ ላይ በማስመሪያ ለክተን በአንድ ቀን እንደርሳለን አልን፤ ከፍታውን ግን ከቍጥር አላስገባነውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጅብራው ከሚበቅልበት ሜዳ ገና በታች ነበርን። ከባሕር ዳር የመጣው ጓደኛችን ራሱን ያመው ጀመር፤ በላብ የራሰው ሸሚዙም በላዩ ላይ ቀዝቅዞ ጥርሱ ይፋጭ ነበር። እንውጣ በሚለውና እንመለስ በሚለው መካከል ስንከራከር ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻው ወደ ታች ወርደን ከአንድ ገበሬ ደጅ ቆመን፥ «የመሸብን መንገደኞች ነን፤ አሳድሩን» ብንል፥ አባወራው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብለው ከእሳት ዳር አስቀመጡን። ጓደኛችን በማግሥቱ ተሻለው። የተሻለው ግን በእኛ ፕላን ሳይሆን በሰው ደግነት ነው። ይህች አጭር ጽሑፍ የተነሣችውም ያን ዕለት ምን ብናሰላ ኖሮ እንደዚያ ባልሆንን ነበር ከሚለው ጥያቄ ነው።

1ኛ፤ ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ አገር ከተደረጉት ጉዞዎች ሁሉ ስለ ሸክምና ስለ ስንቅ ጉልህ ትምህርት የሚሰጠን የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለ ሙያዎች ያቀለጡትን መድፎች፥ ከሁሉም በላይ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን፥ በሠረገላ አስጎትተው ሄዱ። በጋይንት አልፈው፥ በጨጨሆና በዋድላ በኩል ወጥተው፥ የጅዳን ገደል ወርደው፥ ደላንታን ተሻግረውና በሽሎን አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ደብረ ታቦርንና መቅደላን የሚለየው ርቀት በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ሸክሙ ቀላል የሆነ እግረኛ በሁለት ሳምንት የሚጨርሰውን መንገድ ሠራዊቱ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። ምክንያቱም ለመድፉ ሠረገላ ድንጋይ እየተፈነቀለ፥ ገደል እየተቈረጠ መንገድ መሠራት ነበረበት። ሸክም ጊዜን እንደሚበላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለተኛው ትምህርት የስንቅ ነው። በጌምድር ከዚያ በፊት በነበረው ዘመቻና ዘረፋ ተጐድቶ ስለ ነበር ለሠራዊቱ እህል ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በዚያው ጊዜ ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደሮች፥ 44 ዝሆኖችና ብዙ ሺህ የጭነት እንስሳት ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሦስት ወር ገደማ ተጓዘ። ይህም ጦር ወደ ፊት በገፋ መጠን ጓዙን እየቀነሰ ሄደ፤ እህሉንና ገለባውንም በማርትሬዛ ብር ይገዛ ስለ ነበር ባላገሩ ራሱ ወደ ሰፈሩ ያመጣለት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቃል፤ እኛም ስለ ጦርነቱ ለመፍረድ አልተነሣንም። ለእግረኛ የሚተርፈው ነገር ይህ ነው፦ የመንገደኛ ስንቅ ያለው በከረጢቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በባላገሩ ፈቃድም ውስጥ ነው።

2ኛ፤ ርቀትና ከፍታ

ናይስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፥ በዚያም ላይ ለያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። ይህ ግን ዕረፍትንና ከባድ ሸክምን ስለማያስብ ግማሽ ያህል መጨመር ይገባል።

እንግዲህ የእኛን ስሕተት በዚህ ደንብ እንመርምረው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፥ የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። መንገዱን 30 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ለርቀቱ 6 ሰዓት፥ ለ1,400 ሜትሩ ዳገት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፥ ባንድነት 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ግማሹን ስንጨምርበት 12 ሰዓት ተኩል ነው። እኛ የተነሣነው ከጧቱ በ2 ሰዓት ስለ ነበር የምንደርሰው ከምሽቱ በ2 ሰዓት ተኩል ነበር ማለት ነው። ፀሐይ ግን የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ እርሳስና አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ገደል ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አላቸው። ከአፋፍ ቆሞ ማዶ ያለውን መንደር የሚያይ ሰው ድምፁ የሚደርስ ይመስለዋል፤ ነገር ግን 1,000 ሜትር ወርዶ 1,000 ሜትር መውጣት ለባለ ሸክም አንድ ሙሉ ቀን ነው። ቁልቁለቱም ጉልበትን ይሰብራል እንጂ ጊዜ አይቈጥብም።

መንገዱ ስለሚጠማዘዝ የቀጥታውን 150 ኪሎ ሜትር በአንድ ተኩል አብዝተን 225 ኪሎ ሜትር ብንል፥ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 12 ቀን ያህል ይሆናል። ሁለት የዕረፍት ቀን ሲታከልበት ጠቅላላው 14 ቀን ነው።

3ኛ፤ ሸክምና ስንቅ

የእግረኛ ሸክም ከሰውነቱ ክብደት ከአራት አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ከ15 ኪሎ በላይ አይሸከምም። የሌሊት ልብስና ጋቢ፥ የድንኳን ድርሻ፥ ቅያሪ ልብስ፥ ድስት፥ ባትሪና መድኃኒት ተደምረው 7 ኪሎ ቢሆኑ፥ 2 ሊትር ውሃም 2 ኪሎ ቢመዝን፥ ለስንቅ የሚቀረው 6 ኪሎ ብቻ ነው።

አንድ ኪሎ ደረቅ የእህል ምግብ ወደ 3,500 ካሎሪ ይሰጣል። ይህም ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ወጣት የአንድ ቀን ምግብ ነው። ስለዚህ 6 ኪሎው ለ6 ቀን እንጂ ለ14 ቀን አይበቃም። መንገደኛው የግድ ሁለት ጊዜ ስንቅ መሙላት አለበት፤ ለዚህም ነፋስ መውጫና ወገል ጤና የተመቹ ናቸው። በመካከሉ በጋሸና ጥቂት መጨመርም ይቻላል።

ስለ ስንቁ ዓይነት ከባዕድ አገር የታሸገ ምግብ መፈለግ አያሻንም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ቀላሎች ናቸው፤ አይበላሹም፤ እሳትም አይፈልጉም። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ኃይል ይሰጣል፥ በጾም ቀን ግን ለጿሚው አይሆንም፤ ስለዚህ የጉዞው ቀን መቍጠሪያ ከጾሙ ጋር መመሳከር አለበት። እሳት የማይፈልግ ምግብ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም፥ ማገዶም ይጨርሳሉ። በጉና ላይ የቀረውን አስታ ለአንድ ድስት ባቄላ መቍረጥ ደግሞ ለርብና ለጉማራ ወንዞች መነሻ በሆነው ተራራ ላይ የሚደረግ በደል ነው።

4ኛ፤ ውሃ፥ ብርድና ሕመም

በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። የምንጭም ሆነ የወንዝ ውሃ ሳይፈላ ወይም የክሎሪን መድኃኒት ሳይጨመርበት አይጠጣ። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቈየት ይገባዋል።

በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በደብረ ታቦር 8 ዲግሪ ሆኖ የሚያድር ሌሊት በጉና ጫፍ ውርጭ ነው። ከብርድ ይልቅ የሚያጠቃው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ለመኝታ የሚሆን አንድ ደረቅ ልብስ ምንጊዜም በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፥ ቀን በምንም ምክንያት አይለበስ። ከፍታ ያልለመደ ሰው ራሱን ቢያመው፥ ቢያቅለሸልሸው ወይም እንደ ሰከረ ቢንገዳገድ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ይህም ከመነሣት በፊት በስምምነት ሊወሰን ይገባል።

በገደሉ ግርጌ ደግሞ ተቃራኒው አለ። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ስለሚያሰጋ ከወንዝ ዳር አለማደር ይመረጣል። የሚሻለው ከአፋፍ ላይ አድሮ በማለዳ መውረድና ፀሐይ ሳይከርር ዳገቱን መጀመር ነው። የግድ ከታች ከታደረም አጎበር መያዝ ያሻል።

5ኛ፤ ወቅት፥ ባላገርና ሰላም

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በክረምት ወንዙ ይሞላል፥ ጭቃውም አያስኬድም። በየከተማው የገበያውን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በገበያ ቀን የሚደርስ መንገደኛ ስንቅም ያገኛል፥ ወደየመንደሩ የሚመለስ የመንገድ ጓደኛም ያገኛል።

በባላገር ቤት ሲታደር የሚበላው እህል የቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሊጎድል ይችላል። ባለቤቶቹ ገንዘብ አንቀበልም ቢሉ ቡና፥ ስኳር ወይም ለልጆቹ ደብተር ማበርከት ይቻላል። ከጨጨሆ ማዶ በመቄት ባላገሮች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በማኅበር የእንግዳ ጎጆ ሠርተው እግረኞችን ማስተናገዳቸው እንዲህ ያለው ጉዞ ለአገሬው ጥቅም ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ግን ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በጦር ግጭት ተጐድቷል፤ ደቡብ ጎንደርና ወሎም ከጉዳቱ አላመለጡም። ስለዚህ ከዚህ በላይ የቀረበው ስሌት አንባቢው ነገ ጧት ከረጢቱን እንዲያነሣ የሚገፋፋ አይደለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩ ሽማግሌዎች፥ በዚያው ሰሞን የተመላለሱ ነጋዴዎችና አስተዳደሩ በአንድ ቃል ካላረጋገጡ በስተቀር ፕላኑ በመሳቢያ ውስጥ ይቈይ። ከሦስቱ አንዱ ቢያመነታ አለመሄድ ይሻላል። ባላገሩ ራሱ በሰላም ወጥቶ በማይገባበት አገር ተማሪ በእንግድነት ሄዶ ሸክም ሊሆንበት አይገባም።

መደምደሚያ

በአጭሩ፥ ረጅም የእግር ጉዞ የሚያስብ ሰው በተራ ሊመልሳቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉት፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ስንት ሜትር እወጣለሁ፥ ስንትስ እወርዳለሁ? ስንት ኪሎ እሸከማለሁ? ስንቄን የት የት እሞላለሁ? ከመካከላችን አንዱ ቢታመም በየት በኩል እንመለሳለን? የመጨረሻውን ጥያቄ እኛ በጉና ሥር በጨለማ ነበር የጠየቅነው። ጓደኞቻችን ግን በቀን ብርሃን፥ ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ሊጠይቁት ይችላሉ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ መቅደላን ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሁለት ቀን ጉዞ ሞክሮ ትከሻውንና ጫማውን ይፈትን። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ስሌቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።