ለቤታችን የትኛው የቡና ማሽን?

በቅርቡ ጎጆ የወጣችሁ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ስለ አንድ የቤት ዕቃ እንወያይ። ዕቃው የኤስፕሬሶ ማሽን ነው። «ጀበናችን ምን ሆነና?» የምትሉ እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወደ እርሱም እመጣለሁ። ዳሩ ግን ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ባለው ደጋ እንኳ ማኪያቶ የለመደ ሰው አይጠፋም። ባል «በየቀኑ ለካፌ ከምከፍል አንድ ጊዜ ማሽን ገዝተን ብንገላገልስ?» ይላል፤ ሚስት «በዚያ ገንዘብ የልጆቹ ትምህርት ይሸፈናል» ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህት ደግሞ በስልክ «ልላክላችሁ?» ትላለች። ደህና ማሽን ለአንድ መምህር ወይም ለአንዲት ነርስ የብዙ ወር ደመወዝ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ይህን ሁለታችሁ አብራችሁ ብታነቡት እወዳለሁ።

ኤስፕሬሶ ወደ አገራችን የመጣው ከጣልያኖች ጋር ነው። ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ የሚላኖ ሰው በእንፋሎት ግፊት ቡና የሚያወጣ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1901 በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በስኒው ላይ የምናየውን ወፍራም አረፋ ያመጣው ግን ሌላው የሚላኖ ሰው፣ አኪሌ ጋጂያ ነው። በአዲስ አበባም ቶሞካ ፒያሳ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። «ማኪያቶ» የሚለው ቃል ራሱ በጣልያንኛ ወተት ጠብ የተደረገበት፣ ነጥብ ያረፈበት ቡና ማለት ነው።

እንግዲህ ኤስፕሬሶን ከሌላው ቡና የሚለየው ግፊቱ ነው። ለሁለት ሲኒ 18 ግራም ያህል የደቀቀ ቡና ተጠቅጥቆ፣ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ያልፍበታል። የመኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር ተኩል ገደማ መሆኑን ስታስቡ 9 ባር ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል። በካርቶኑ ላይ «15 ባር»፣ «20 ባር» ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ ግን አትደነቁ። ያ ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ቡናው የሚፈልገው አይደለም። ባለ 20 የሆነው ከባለ 15 ይሻላል ብሎ ገንዘብ መጨመር ለቁጥር መክፈል ነው።

አሁን ወደ እኛ ደጋ እንምጣ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በእኛ ማንቆርቆሪያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው። ሽምብራ በደጋ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የምታውቅ እናት ይህን ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያስፈልጋትም። የኤሌክትሪክ ማሽኑ ውሃውን በተዘጋ ጋን ውስጥ ስለሚያሞቅ በዚህ ብዙም አይቸገርም፤ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ እንፋሎት ቢተፋ አትደንግጡ። ያለ መብራት በእጅ ተጭነው የሚሠሩት ማሽኖች ግን ውሃ የሚያገኙት ከማንቆርቆሪያ ነው። ያ 91 ዲግሪ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ይወርድና ቡናው ይኮመጥጣል። ብረቱን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ ያስፈልጋል። ጠቆር አድርጎ የተቆላ ቡና ዝቅ ባለ ሙቀትም ጣዕሙን ስለሚሰጥ፣ የእናቶቻችን አቆላል እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የኤሌክትሪኩ ነገር የብዙ ቤተሰብ ማሽን የሚሞትበት ነው። እህታችሁ ከአሜሪካ የምትልከው ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ያን ቡና ሳትጠጡ ይቃጠላል። «ትራንስፎርመር እንገዛለን» ትሉ ይሆናል። የቤት ማሽን ከ1100 እስከ 1500 ዋት ስለሚስብ፣ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል መሆን አለበት፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው። በዚያ ላይ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የመብራቱን ምት አይለውጥም። የአሜሪካው በሰከንድ 60፣ የእኛ 50 ነው፤ ምቱን ተከትሎ የሚሠራው ትንሹ ፓምፕ ይደክማል። ስለዚህ ለእህታችሁ «ገንዘቡን ላኪልንና እዚሁ ለ220 የተሠራ እንግዛ» ብትሏት ነውር የለውም። አውሮፓ ያለ ዘመድ ከሆነ ግን የእነርሱም መብራት እንደ እኛው ነውና ይላክ። ማሽኑንና የእንጀራ ምጣዱን በአንድ ጊዜ አታብሩ፤ ቆጣሪው ይጥላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ግዴታ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን መብራት የሚጠፋበት ቀበሌ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ ማሽን ባትገዙ ይሻላችኋል።

ሰዎች ሁሉ ማሽኑን ያዩና መፍጫውን ይረሳሉ። በሙቀጫና በዘነዘና የተወቀጠ ቡና ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ፍርክስ ነው። ጀበና ይህን ይታገሣል፤ አተላው ይዘቅጣልና። ማሽን ግን አይታገሥም፤ ውሃው በፍርክሱ በኩል ሮጦ ያልፍና ቀጭን ቡና ይወጣል። በምላጭ የሚቆራርጠው የኤሌክትሪክ መፍጫም ከዘነዘናው እምብዛም አይሻልም። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ብቻ ከበቃ መጀመሪያ ደህና መፍጫ ግዙ፤ በእጅ የሚዞር ቢሆንም ጥርሱ እኩል የሚፈጭ ይሁን። መፍጫ የመግዛት ሐሳብ ከሌላችሁ ደግሞ ሻጩን «ወንፊቱ ባለ ሁለት ወለል ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ዓይነቱ ውሃውን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስወጣ የአፈጫጩን ጉድለት ይሸፍናል።

ሌላም አለ። እኛ ቡና ቆልተን በዚያው ሰዓት እንጠጣለን፤ ለጀበና መልካም ነው። አሁን ከምጣድ የወረደ ቡና ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን በውስጡ ያለው ጋዝ ገና ስላልወጣ አረፋው ይበዛል፣ ጣዕሙም ይዘበራረቃል። ለማሽን የሚሆነውን ቆልታችሁ አንድ ሳምንት ያህል ከድናችሁ አስቀምጡት።

ስለ ወተት ዝም ብዬ ባልፍ ደስ አይለኝም። በገጠራችን ወተት የሚመጣው ከጎረቤት ላም ነው። የማሽኑ እንፋሎት ለማኪያቶ ወተቱን የሚያሞቀው እስከ 60 ወይም 65 ዲግሪ፣ ያውም ለአፍታ ነው። ይህ ከጥሬ ወተት የሚመጣ በሽታን አይገድልም። በጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳም፣ ውርጃ ከምታስከትለው የከብት በሽታ የሚመጣ ትኩሳትም ይተላለፋል። በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ወተቱን መጀመሪያ አፍሉት፣ ከዚያ በደንብ አቀዝቅዙት፤ አረፋም የሚያወጣው የቀዘቀዘው ነው።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ? ፍርዴን ልንገራችሁ። በእኛ አካባቢ ላለ ለአብዛኛው ባለትዳር የሚበቃው ምድጃ ላይ የሚጣደው ሞካ ነው። አልፎንሶ ቢያሌቲ የተባለ ጣልያናዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ይህ ዕቃ በቡታጋዝም፣ በስሱ የከሰል ፍምም ይሠራል። ግፊቱ 1 ባር ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ እውነተኛ ኤስፕሬሶ አይደለም፤ በወተት ሲሆን ግን ባልሽ ካፌውን እንዲረሳ ያደርገዋል። መብራት የማይቸግራችሁና መፍጫ የገዛችሁ ከሆናችሁ ባለ ፓምፑን ውሰዱ። በእንፋሎት ብቻ የሚሠራው ርካሹ የኤሌክትሪክ ማሽን ግን ከሞካ ብዙም የማይሻል ሆኖ መብራት ይጠብቃል፤ እርሱን ተዉት። በቡና አገር ተቀምጦ ቡናን በትንንሽ ብልቃጥ ከውጭ የሚያስመጣውንማ ምን እላለሁ!

ወደ ጀበናው ልመለስ። የአገልጋይ ቤት እንግዳ አያጣውም፤ አሥራ ሁለት ሰው ቢመጣ፣ መፍጨቱና መጠቅጠቁ ተቆጥሮ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ የመጨረሻው ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጠብቃል። ማሽን የሁለት ሰው ዕቃ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር እወድለታለሁ፦ ጀበና ነክቶ የማያውቅ ባል ማሽን ሲገዛ ማልዶ ተነሥቶ ለሚስቱ ቡና ያወጣል። ለዚህ ብቻ የሚገዛ ቢኖር አልቃወምም።

ነገር ግን አንዳንድ ምእመናን ከዕጣኑና አብሮት ካለው ልማድ ለመራቅ ብለው ጀበናውን ጭርሱን ትተው ማሽን ሲያስቡ ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። ጀበና ዕጣን ሳይጨስም ይጣዳል። ወሎ ነንና በአንድ ግቢ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጎረቤታችን ነው፤ እርስ በርስ የምንተያየው በአቦልና በቶና መካከል ነው። የታመመው፣ የወለደችው፣ ልጁ የራቀበት የሚታወቀው በዚያ ነው። በሠላሳ ሰከንድ ስኒ ይዞ ወደ ክፍል መግባት ይህን አይተካም። ማሽኑን ገዝታችሁም ቢሆን «ቡና ጠጡ» የሚለውን ጥሪ ከደጃችሁ አታጥፉ።

ለመግዛት ስትሄዱ የማሽኑን ጀርባ ገልብጡና «220» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሱቁ ውስጥ ሰክተው አንድ ስኒ ያውጡላችሁ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ካላችሁ ማሽኑም ውስጥ ይሠራል፤ በየሁለት ወሩ በውሃ የተበጠበጠ የሎሚ አሲድ አሳልፉበት። አቼቶም ይሠራል፤ ግን ሽታው አይለቅም፣ ጎማውንም ይጎዳል። ቶሎ የሚያልቀውም ያው ጎማው፣ ጎሚኒው ነው። በመካነ ሰላም ገበያ ልኩን ፈልጋችሁ ላታገኙ ስለምትችሉ፣ ሞካም ሆነ ማሽን ስትገዙ ሁለት ትርፍ ጎሚኒ አብራችሁ ያዙ።