ቴአትር መጫወት ለልጆቻችን ጠባይ ምን ይጠቅማል?

ልጅ «ቴአትር ልጫወት» ብሎ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ ቅር የሚላቸው ወላጆች ጥቂት አይደሉም። በአገራችን የጨዋታ ሰው ለረጅም ዘመን ሲደነቅም ሲናቅም ኖሯል፤ ማታ በጨዋታው የተደሰተበት ሰው በማግሥቱ «አዝማሪ» ብሎ ያቃልለው ነበር። እኛ ግን የቴአትርን ጥቅም ከጭብጨባው ሳይሆን በተጫዋቹ ሕይወት ላይ ከሚያሳድረው ጠባይ መመዘን ይገባል እንላለን።

ለዚህም የሐዋሳ ወጣቶች ምሳሌ ይሁኑን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር በምትገኘው በዚህች ከተማ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት «ዋን ላቭ» የተባለ የወጣቶች የቴአትር ቡድን ቴአትርን ከሰርከስ ጋር አጣምሮ ስለ ኤድስ ሕዝብን ያስተምር ነበር። ስሙም «አንድ ፍቅር» ማለት ነው። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ተሐዋሲው በአገራችን መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሕመምተኛ ከሕመሙ ይልቅ የጎረቤቱን ሐሜት ይፈራ ስለ ነበር፥ በየቤቱ የበሽታውን ስም ደፍሮ የሚያነሣ ጥቂት ነበረ።

እንግዲህ ሕመሙን ከሚስቱ የሚሸሽግ ባል ሆኖ እንዲጫወት የታዘዘን ወጣት እናስብ። ሰውየውን በመንቀፍ ብቻ ሊጫወተው አይችልም፤ ለምን እንደ ሸሸገ፥ ማንን እንደ ፈራ መርምሮ መረዳት አለበት። የሌላውን ሰው ነገር በገዛ አፉ ሲናገር፥ ኀፍረቱንም በገዛ ልቡ ይመዝነዋል። ደግሞም ያን የተፈራ ቃል በአደባባይ ደጋግሞ የተናገረ ልጅ፥ በእናትና በአባቱ ፊት ለመናገር አንደበቱ አይያዝም። ስለዚህ ከተመልካቹ አስቀድሞ የሚማረው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ከዚህም በቀር ልምምዱ ሥነ ሥርዓትን ያስተምራል። ተጫዋች በሰዓቱ መድረስ፥ ቃሉን በቃሉ ማጥናት፥ ባልንጀራው ተናግሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት ማድመጥ ግዴታው ነው። ዛሬ ጌታ ሆኖ የተጫወተ ነገ አሽከር ሆኖ ይወጣል፤ ይህም በምቾት ላደገ ልጅ ታላቅ ትምህርት ነው።

ከሐዋሳው ቡድን የቀድሞ አባላት አንዱ፥ ከጊዜ በኋላ በዚያው ከተማ አይኪዶ የተባለውን የጃፓን ጥበብ ለወጣቶች የሚያስተምርበት ቤት አቁሟል። በአይኪዶ ልምምድ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አንድ ጊዜ አጥቂ፥ አንድ ጊዜ ተከላካይ ይሆናሉ፤ ዓላማውም የመጣውን ኃይል ሰውን ሳይጎዱ መመለስ ነው። ራስን በሌላው ስፍራ አቁሞ ማየት የሁለቱም ጥበቦች ሥር መሆኑን እናስተውል።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። በቀድሞ ጊዜ ሴት በመድረክ መታየቷ እንደ ነውር ስለ ተቆጠረ፥ የሴትን ስፍራ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። በመድረክ ከታዩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ግን ንቀቱን ችለው በቴአትርና በክራር ስማቸውን አስከበሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር በክብር አስታወሳቸው።

በእርግጥ ጭብጨባ ልጅን ሊያስታብይ፥ ጨዋታውም የትምህርቱን ሰዓት ሊሻማ ይችላል። ስለዚህ ወላጅ የቴአትሩን ነገርና የአስተማሪውን ጠባይ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ለጥናት ሰዓት ይወስን፤ ራሱም ሄዶ ይመልከት። ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ «ተጨበጨበልህን?» ከማለት ይልቅ «ማንን ሆነህ ተጫወትህ? ያስ ሰው ለምን እንደዚያ አደረገ?» ብሎ ይጠይቀው። ሊነገር የሚገባው ነገር በዝምታ ተቀብሮ በኖረበት ቤት፥ በዚህ ጥያቄ አባትና ልጅ መነጋገር ይጀምሩ ይሆናል።