የምግብ መክተፊያ መኪና በወጥ ቤታችን



ስለ ወጥ ቤት ሥራ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ማዕዱ እንጂ ማዕዱ እስኪቀርብ ድረስ ስለሚፈሰው ጉልበት አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች በሆኑበት ቤት፣ ከሥራ መልስ ያለችው አጭር ጊዜ ሽንኩርት በመላጥና በመክተፍ ታልፋለች፤ ይህም ሸክም እንደ ልማዳችን በሴቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሸክም ስለሚያቃልለው፣ ብዙ ሰው በባዕድ ስሙ ፉድ ፕሮሰሰር ስለሚለው የምግብ መክተፊያ መኪና ጥቂት እንናገራለን።

መኪናውን በመጀመሪያ ያሰበው ፒየር ቬርደን የተባለ ፈረንሳዊ የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው የምግብ ቤት ሠራተኞች በመክተፍና በመፍጨት የሚያጠፉትን ጊዜ ተመልክቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ለትልልቅ ወጥ ቤቶች የሚሆነውን አበጀ። በ1973 ደግሞ ካርል ሶንታይመር የተባለ አሜሪካዊ ለቤት የሚስማማውን ዓይነት ለአገሩ ሰዎች አስተዋወቀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች ሞተር፣ ከላይ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ዕቃ፣ በመካከሉም በፍጥነት የሚሽከረከር ስለት አለ። ስለቱ ይቆርጣል እንጂ እንደ መጅ አያደቅም። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ለመኪናው የሚገባውንና የማይገባውን ሥራ አይስትም።

በወልድያም ሆነ በመርሳ ከገበያ የሚገዛውን ሽንኩርት ለዶሮ ወጥ፣ ወይም በረመዳን ለሳምቡሳ ለመክተፍ መኪናው ታላቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ቁልፉን ተጭኖ ዝም ብሎ መቆየት አይገባም። ሽንኩርቱ ከመጠን በላይ ሲፈጭ ውኃውን ይለቅቃል፤ ሽታው ይከርራል፤ በድስትም በመቁላላት ፈንታ ይቀቀላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያተረፍነውን ደቂቃ መልሰን በምድጃው ዳር እናጠፋዋለን። ስለዚህ ሽንኩርቱን አራት ቦታ ቆርጦ፣ ከዕቃው ግማሽ ሳያልፉ ጨምሮ፣ ቁልፉን ለአንድ አፍታ እየጫኑ መልቀቅ ይሻላል። ዓይን የሚያስለቅሰው ሽንኩርቱ ሲቆረጥ የሚወጣው ጋዝ ስለ ሆነና በክዳኑ ሥር ስለሚታመቅ፣ ክዳኑን ሲከፍቱ ፊትን ዘወር ማድረግ ነው።

ለዳጣ የሚሆነው ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርትም በዚሁ መኪና ይዘጋጃል። ደረቅ በርበሬ፣ ጤፍና ማሽላ ግን የወፍጮ ቤት ሥራ ናቸው። ጥቂት ኮረሪማ ወይም ጥቁር አዝሙድ ሲፈለግ ደግሞ ሙቀጫና ዘነዘና ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ ወጪውን የሚፈሩ አሉ። 500 ዋት የሆነ መኪና ለ3 ደቂቃ ቢሠራ የሚወስደው 25 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቆጣሪው ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እስኪሞላ 40 ጊዜ እንከትፍበታለን። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ግን በአንድ ሰዓት ብቻ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ይልቅስ ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በፍቅር የሚልኩት መኪና ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ እንዲሁ ቢሰኩት ሞተሩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በሥሩ የተጻፈውን ቍጥር ማንበብ፣ የኃይል መለወጫ ካስፈለገም አቅሙ ከመኪናው ዋት የሚበልጠውን መምረጥ ያሻል። ስለቱን ከመንካት በፊትም ገመዱን መንቀል፣ ሽንኩርቱን በጣት አለመግፋት፣ ስለቱን በሳሙና ውኃ ውስጥ ደብቆ አለመተው፣ ከልጆችም ማራቅ ይገባል። እጁን በስለት የተቆረጠ ሰው ያተረፈው ጊዜ የለም።

ይህን ስንል የአያቶቻችንን ዕቃ ጣሉ ማለታችን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያንና የሀብሩን ወረዳ ይዞ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲቆይ፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ነበር። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የወፍጮ ቤቱም ሞተር፣ የወጥ ቤቱም መኪና ዋጋ የለውም። እህል ያገኘ ቤተ ሰብ የሚመለሰው ወደ ድንጋዩ ወፍጮና ወደ ሙቀጫው ነው። በዚያ ቀን መጁን መያዝ የምታውቅ እጅ ቤተ ሰብ ታድናለች። ስለዚህ ዕቃውንም ሙያውንም ጠብቆ ማኖር ብልህነት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። መኪናው የሚያተርፈው ጊዜ ለማን ነው? በዚያው ጊዜ ሌላ ሥራ በእናቲቱ ላይ ከተጨመረ ሸክሙ ስሙን ለወጠ እንጂ አልቀለለም። ቁልፍ መጫንና ዕቃ ማጠብ ደግሞ ለአባወራም ለወንድ ልጅም የሚከብድ ሙያ አይደለም። የተረፈችው ግማሽ ሰዓት ለንባብ፣ ለልጆች ትምህርት ወይም ለዕረፍት ስትውል ያን ጊዜ መኪናው በእውነት ለቤቱ ጠቀመ እንላለን።